ቬርነር ሲመንስና የሊሽተርፌልደ ትንሽ ባቡር

የኤሌክትሪክ ባቡር ስም በተነሣ ቍጥር ብዙ ሰው የሚያስበው የለንደንን፥ የፓሪስን ወይም የሞስኮን የምድር ውስጥ ባቡር ነው። ነገር ግን ይህ ጥበብ ሕዝብን በየቀኑ ማመላለስ የጀመረው ከነዚህ ታላላቅ ከተሞች በአንደኛው አደባባይ አይደለም። ከበርሊን ወጣ ብላ በምትገኝ፥ በዚያን ጊዜ ገና አዳዲስ ቤት ይሠራባት በነበረች በአንዲት መንደር፥ ርዝመቱ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል እንኳ በማይሞላ ሐዲድ ላይ ነው። ሐዲዱን ያስነጠፈው ሰው ቬርነር ሲመንስ ይባላል። በዚያን ዓመት ዕድሜው ስድሳ አራት፥ ስሙም ከእንግሊዝ እስከ ሕንድ የታወቀ ነበር። እንዲህ ያለው ሰው ከአንዲት ትንሽ መንደር ገብቶ እንደ መጫወቻ የምትቈጠር ባቡር ለመሥራት ምን አደረሰው? የሕይወቱን ታሪክ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ይህን ጥያቄ ይዘን ነው። ዓመተ ምሕረቱ፥ ሌላ ካላልን በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

ቬርነር ሲመንስ ዲሴምበር 13 ቀን 1816 ዓ.ም. በሰሜን ጀርመን፥ በሐኖቨር ከተማ አጠገብ ሌንተ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ የባለርስት መሬት በኪራይ ይዞ የሚያሳርስ ሰው ሲሆን ዐሥራ አራት ልጆች ወልዷል፤ ቬርነር አራተኛው ነው። ልጁ በሊዩቤክ ከተማ ትምህርት ቤት ሲማር ሒሳብ እንጂ የጥንት ቋንቋ አልሆንልህ አለው፤ የግሪክን ቋንቋ ትቶ የመሬት ቅየሳ መማር ጀመረ። ምኞቱ በርሊን ካለው የምህንድስና ትምህርት ቤት ለመግባት ነበር። ይሁን እንጂ ለዚያ የሚበቃ ገንዘብ ከአባቱ ቤት የሚገኝ አልሆነም። የቅየሳ መምህሩ ግን የፕሩስያ ጦር ሠራዊት ለመድፈኛ መኰንኖቹ ይህንኑ ትምህርት በነፃ እንደሚያስተምር ነገረው። በ1834 ዓ.ም. ልጁ ጓዙን አንግቶ በእግሩ ወደ በርሊን ተጓዘ። ወታደርነትን ወዶ ሳይሆን ትምህርትን ሽቶ የመድፈኛ ወታደር ሆነ፤ ከ1835 ጀምሮም ሦስት ዓመት በበርሊን የጦር ትምህርት ቤት ሒሳብ፥ ፊዚክስና ኬሚስትሪ ተማረ። ለዕድሜው ሙሉ የበቃው ትምህርት ይኸው የሦስት ዓመት ትምህርት ነው።

ሃያ ሦስት ዓመት ሲሆነው እናቱና አባቱ በጥቂት ወራት ልዩነት ተከታትለው ሞቱ። ታናናሽ ወንድሞቹና እኅቶቹ ገና ልጆች ስለ ነበሩ የቤቱ ሸክም በእርሱ ላይ ወደቀ። የመቶ አለቃ ደመወዝ ደግሞ ለአንድ ሰው እንኳ የሚተርፍ አልነበረም። የሲመንስን ታሪክ የጻፉ አንዳንድ ሰዎች አዲስ ነገር ለመፍጠር ያነሣሣው የዕውቀት ፍቅር ብቻ እንደ ሆነ አድርገው ያቀርቡታል። እኛ ግን መጀመሪያ ያነሣሣው ለወንድሞቹ የሚከፈለው የትምህርት ቤት ክፍያ ይመስለናል፤ ይህንም ብንል ክብሩን የሚቀንስ አይደለም።

በዚሁ ዘመን ሁለት መኰንኖች ተጣልተው በጦር መሣሪያ ለመጋጠም ሲቀጣጠሩ፥ እርሱ ለአንደኛው ምስክር ሆኖ ተገኘ። ይህ በሕግ የተከለከለ ስለ ነበረ አምስት ዓመት ተፈረደበትና በማግደቡርግ ምሽግ ታሰረ። እስረኛው ግን ጊዜውን በከንቱ አላሳለፈም። ኬሚካልና ሽቦ በድብቅ አስገብቶ ክፍሉን ቤተ ሙከራ አደረገው፤ በኤሌክትሪክ ኀይል ብረትን ወርቅና ብር መቀባት የሚቻልበትንም ዘዴ አገኘ። ነገሩ ገና እየተቃናለት ሳለ ምሕረት ተደርጎለት እንዲወጣ ታዘዘ። ሥራዬን እስክጨርስ ጥቂት ቀን ልቈይ ብሎ ቢያመለክት፥ የንጉሥን ምሕረት እንደ መናቅ ተቈጠረበትና ወዲያው ከወህኒው አስወጡት። በ1842 ዓ.ም. ለዚሁ ዘዴ የባለቤትነት መብት ተሰጠው፤ በማግሥቱ ዓመት ታናሽ ወንድሙ ቪልሄልም ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ ዘዴውን በ1,500 ፓውንድ ሸጠው። በዚያን ጊዜ ይህ ብዙ ገንዘብ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለው የቴሌግራፍ ታሪኩ ራሱን የቻለ መጽሐፍ የሚወጣው ስለ ሆነ እዚህ ላይ በአጭሩ እናልፈዋለን። በ1847 ዓ.ም. ሃልስከ ከሚባል ብልህ የመሣሪያ ሠራተኛ ጋራ ሆኖ፥ አንድ ዘመዱ ባበደረው ገንዘብ፥ በበርሊን ከአንድ ቤት ጓሮ ዐሥር ያህል ሠራተኞች ይዞ ኩባንያውን አቋቋመ። በ1849 ከበርሊን እስከ ፍራንክፈርት የተዘረጋው የእርሱ ቴሌግራፍ የፍራንክፈርቱን ምክር ቤት ውሳኔ በዚያው ቀን ለበርሊን አደረሰ። የፕሩስያ መንግሥት ከእርሱ ጋራ ተጣልቶ ሥራውን በነፈገው ጊዜ ወደ ሩስያ ዞረ፤ በ1870 ዓ.ም. ደግሞ ከለንደን እስከ ካልካታ ዐሥራ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሄደው መሥመር ተከፈተ። ይህን ሁሉ የሠራው ብቻውን አይደለም፤ ቪልሄልም በለንደን፥ ካርል በፒተርስቡርግ ሆነው ሥራውን ይመሩ ነበር። ያሳደጋቸው ወንድሞቹ የኩባንያው ምሰሶ ሆኑለት ማለት ነው።

በቴሌግራፍ ሥራው ምክንያት ወደ እኛ አካባቢም ደርሷል። በ1859 ዓ.ም.፥ ማለት ዐፄ ቴዎድሮስ በነገሡ በአራተኛው ዓመት፥ አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ከስዊዝ እስከ ኤደን በቀይ ባሕር ወለል ላይ የቴሌግራፍ ገመድ ሲዘረጋ ሲመንስ የኤሌክትሪኩን ሥራ ለመቈጣጠር ዐብሮ ተጓዘ። በጕዞው መጀመሪያ ካይሮ ሲደርስ ከጓደኞቹ ጋራ ከታላቁ ፒራሚድ ጫፍ ላይ ወጣ። የበረሓ ነፋስ አሸዋውን እያስነሣ ሲነፍስ አየሩ በኤሌክትሪክ መሞላቱን አስተዋለ፤ የወይን ጠርሙስ በርጥብ ወረቀት ጠቅልሎ ኤሌክትሪኩን አጠራቀመበት። የአገሩ መሪዎች ጠንቋይ መጣብን ብለው ከፒራሚዱ ሊያስወርዱት በቀረቡ ጊዜ ጠርሙሱን ወደ አንደኛው አስጠጋው፤ ሰውዬውም በድንጋጤ ወደቀ። የመልስ ጕዞው ግን እንዲህ የሚያሥቅ አልነበረም። የተሳፈረባት አልማ የምትባል መርከብ በሐኒሽ ደሴቶች አጠገብ ከዐለት ጋራ ተጋጭታ ተሰበረች። መንገደኞቹ ሁሉ ውሃ በሌለበት በባዶ ዐለት ላይ፥ በጁን ወር ፀሓይ፥ የእንግሊዝ የጦር መርከብ መጥቶ እስኪያነሣቸው ድረስ ቀናት ቈዩ። የተዘረጋውም ገመድ ብዙ ሳያገለግል ተበላሸ።

ወደ ባቡራችን እንመለስ። ባቡርን በኤሌክትሪክ የመንዳት ሐሳብ ከሲመንስ በፊትም ነበር። ዴቪድሰን የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1842 ዓ.ም. በባትሪ የሚሄድ ባቡር ሠርቶ ነበር። ነገር ግን ባትሪው የሚበላው ማዕድን ከከሰል ይልቅ እጅግ ውድ ስለ ነበረ ነገሩ ከሙከራ አላለፈም። ችግሩ ባቡሩ ሳይሆን ርካሽ ኤሌክትሪክ መጥፋቱ ነው። ያን ጊዜ በእንፋሎት እየተሽከረከሩ ኤሌክትሪክ የሚያወጡ መኪናዎች ቢኖሩም በቋሚ ማግኔት የሚሠሩ ስለ ሆኑ ኀይላቸው ትንሽ ነበር። ሲመንስ በ1866 ዓ.ም. ያስተዋለው ነገር በብረት ውስጥ ምንጊዜም ጥቂት የማግኔት ቅሪት መኖሩን ነው። ከዚህች ቅሪት የሚገኘው ጥቂት ኤሌክትሪክ ተመልሶ ያንኑ ብረት በከበበው ሽቦ ውስጥ እንዲያልፍ አደረገ። ማግኔቱ ሲበረታ ኤሌክትሪኩ ይበዛል፤ ኤሌክትሪኩ ሲበዛ ማግኔቱ ደግሞ ይበረታል። ነጋዴ ትርፉን ከዋናው ላይ እየጨመረ ሀብቱን እንደሚያበዛው ማለት ነው። ጽሑፉ በጃንዩወሪ 1867 ለበርሊን የሳይንስ አካዳሚ ቀረበ። በእንግሊዝ አገር ዊትስቶንና ቫርሊ የሚባሉ ሊቃውንት በዚያው ወራት ከዚሁ ሐሳብ ደርሰው ነበር፤ ስለዚህ ክብሩን ለአንድ ሰው ብቻ መስጠት ትክክል አይሆንም። መኪናው ዲናሞ ተባለ። ዲናሞ ሲያሽከረክሩት ኤሌክትሪክ ይሰጣል፤ ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ደግሞ ራሱ ይሽከረከራል። የኤሌክትሪክ ባቡር ምሥጢር በዚህ በሁለተኛው ጠባዩ ነው።

በሜይ 31 ቀን 1879 ዓ.ም. በበርሊን የኢንዱስትሪ ኤግዚቢሽን ተከፈተ። ሲመንስ ለአንድ የከሰል ማዕድን ተብላ የታሰበች ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ነበረችው፤ እርስዋን ወስዶ ለሕዝብ መዝናኛ አደረጋት። ጕልበትዋ ሦስት ፈረስ ያህል ነው። ነጂው በላይዋ ላይ እንደ ፈረስ ተፈናጦ ይነዳታል። ከኋላዋ እያንዳንዳቸው ስድስት ስድስት ሰው የሚይዙ ሦስት ትናንሽ ሠረገላዎች ተቀጥለው፥ በሦስት መቶ ሜትር ክብ ሐዲድ ላይ ከሰው ርምጃ ጥቂት በሚበልጥ ፍጥነት ትዞራለች። ኤሌክትሪኩ የሚመጣላት በሁለቱ ሐዲዶች መካከል በተጋደመ ሦስተኛ ብረት ነው። ጢስ የላት፥ እሳት የላት፥ ፈረስ የላት። በአራት ወር ውስጥ ከ86 ሺህ በላይ ሰዎች ተሳፈሩባት። እነዚህ ሁሉ የመጡት ለጨዋታ ነው፤ አንድም ሰው ወደ ሥራው ወይም ወደ ቤቱ ለመሄድ አልተሳፈረባትም። ሲመንስ ግን ጨዋታውን ወደ ቁም ነገር ለመለወጥ ፈለገ።

በማግሥቱ ዓመት፥ በ1880፥ ለበርሊን ባለሥልጣኖች ማመልከቻ አቀረበ። ሐሳቡ በፍሬድሪክ ጐዳና ላይ የብረት ምሰሶ ተክሎ፥ ከሰውና ከፈረስ ራስ በላይ የኤሌክትሪክ ባቡር እንዲሄድ ነው። ሐዲዱን ወደ ላይ የሰቀለው ለጌጥ አይደለም። የከተማው መንገድ በጋሪና በፈረስ ትራም ተጨናንቋል፤ ደግሞም ኤሌክትሪክ የያዘ ብረት ሰው በሚረግጥበት መሬት ላይ መዘርጋት አደጋ መሆኑን ከማንም ይልቅ እርሱ ያውቀዋል። የጐዳናው ባለቤቶች ግን ተቃወሙ። ባቡሩ በሁለተኛው ፎቅ መስኮት ትይዩ ሲያልፍ መንገደኛው ሁሉ ወደ ቤታችን ገብቶ ይመለከታል፤ ብርሃናችንን ይጋርዳል፤ የቤታችንም ዋጋ ይረክሳል አሉ። ባለሥልጣኖቹም ፈቃድ ከለከሉ። አሁን በዘመናችን ሆነን እነዚህን ባለ ቤቶች እንደ ደንቆሮ መቍጠር ቀላል ነው። እኛ ግን አንፈርድባቸውም፤ ማንም ሰው ቢሆን ያልተፈተነ ነገር በመስኮቱ ሥር ሲተከል ዝም ብሎ አያይም። የጐደለው ነገር ማስረጃ ነው። ማስረጃ ለማቅረብ ደግሞ ባቡሩ አስቀድሞ መሠራት አለበት፤ እንዲሠራም ፈቃድ ያስፈልጋል። በመሥሪያ ቤት ጥቂት ወራት የሠራ አንባቢ ይህን የመሰለ ነገር ሳይገጥመው አይቀርም።

ሲመንስ ከዚህ ጣጣ የወጣው ሐሳቡን በማሳነስ ነው። ከበርሊን በስተ ደቡብ ሊሽተርፌልደ በምትባለው መንደር ካርስተን የሚባል ባለጸጋ መሬት ገዝቶ የመኖሪያ ቤት ሰፈር ሲቈረቍር፥ ታላቁ የጦር ተማሪዎች ትምህርት ቤት ወደዚያ እንዲዛወር ቦታ ሰጥቶ ነበር። ለትምህርት ቤቱ ሕንፃ ድንጋይና እንጨት የተመላለሰበት ሐዲድ ሥራው ካለቀ በኋላ ያለ አገልግሎት ቀርቷል። የባቡር ጣቢያው ከትምህርት ቤቱ ሩቅ ስለ ሆነም የሚያመላልስ ነገር ያስፈልጋል። እዚያ ባለ ፎቅ የለ፥ መስኮት የለ፥ የሚጨናነቅ ጐዳና የለ። ሲመንስ የሚቃወመው ሰው ስላልነበረ ፈቃድ አገኘ፤ ወጪውንም ኩባንያው ቻለ። እርሱ ይህን መሥመር ከምሰሶ የወረደ የሰማይ ባቡር እንጂ የመንገድ ባቡር አድርጎ አይቈጥረውም ነበር፤ የሚሠራውም በርሊኖች መጥተው እንዲያዩት ነው።

በሜይ 16 ቀን 1881 ዓ.ም. መሥመሩ ለሕዝብ ተከፈተ። ሠረገላው ሲያዩት እንደ ማንኛውም የፈረስ ትራም ነው፤ ሃያ ስድስት ሰው ያህል ይይዛል፤ ፈረሱ ብቻ የለም። ከወለሉ በታች በመንኰራኵሮቹ መካከል ዲናሞ ተሰቅሏል፤ ሲሽከረከርም በተጠማዘዘ የብረት ገመድ መንኰራኵሮቹን ያዞራል። ከጣቢያው አጠገብ የእንፋሎት ሞተር ሌላውን ዲናሞ እያሽከረከረ 180 ቮልት ኤሌክትሪክ ይልካል። ፍጥነቱ ቢለቁት አርባ ኪሎ ሜትር ሊደርስ ሲችል ከሃያ ያህል እንዳያልፍ ታዘዘ። ጣቢያውና ትምህርት ቤቱ ከዚያን ቀን ጀምሮ በደቂቃዎች ተገናኙ፤ በኤሌክትሪክ ኀይል ሕዝብን ዘወትር የሚያመላልስ የመጀመሪያው ባቡር ይኸው ነው። ፒሮትስኪ የሚባል ሩስያዊ መሐንዲስ በ1880 በፒተርስቡርግ አንድ ሠረገላ በኤሌክትሪክ ነድቶ አሳይቶ ነበር፤ የእርሱ ግን በሙከራ ቀርቷል።

የዚህ ባቡር ነውር በሐዲዱ ላይ ነው። ሦስተኛ ብረት ሳይጨመር ኤሌክትሪኩ በአንደኛው ሐዲድ መጥቶ በሁለተኛው ይመለሳል። ስለዚህ ሁለቱን ሐዲዶች በአንድነት የነካ ሁሉ ኤሌክትሪኩ ያገኘዋል። ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚረግጠው አልፎ አልፎ ነው፤ ፈረስ ግን አራት እግር አለው፥ በእግሩም ብረት ተመትቶበታል። በመንገድ መሻገሪያው ላይ ፈረሶች እየደነገጡ ሲዘሉ ባለ ጋሪዎቹ መጮኽ ጀመሩ። ከዚህም የተነሣ በመሻገሪያው ላይ ያለው ሐዲድ ኤሌክትሪክ እንዳይኖረው ተደረገ፤ ሠረገላው እዚያ ሲደርስ በጀመረው ፍጥነት ተንሸራትቶ ያልፋል። በፒራሚዱ ጫፍ ላይ ያሣቀው ነገር እዚህ ለሥራው እንቅፋት ሆነበት። ይህ ዘዴ ለመንደር ቢበቃም ለከተማ እንደማይሆን ሲመንስ ዐውቆታል። በዚያው ዓመት በፓሪስ የኤሌክትሪክ ኤግዚቢሽን ላይ ኤሌክትሪኩን ከላይ ከተዘረጋ መሥመር የሚቀበል ትራም አቀረበ። በ1882 ደግሞ በበርሊን አጠገብ በሐለንዜ ሐዲድ የሌለው፥ ከራሱ በላይ ካለው ሽቦ ኤሌክትሪክ የሚቀበል ሠረገላ በመንገድ ላይ ነዳ። በእኛ አቈጣጠር በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ ሥራ በጀመረው በአዲስ አበባው ቀላል ባቡር የተሳፈረ ሰው ወደ ላይ ቀና ቢል ሽቦው ተዘርግቶ ያያል። ፈረሶቹ ባይደነግጡ ኖሮ ሽቦው ወደ ላይ ለመውጣት ብዙ ዓመት ሳይዘገይ አይቀርም ነበር ብለን እናስባለን።

የሚያስገርመው ከዚህ በኋላም የኤሌክትሪክ ባቡር ወደ ታላላቅ ከተሞች ፈጥኖ አለመግባቱ ነው። በ1883 ዓ.ም. የተከፈቱትን እንመልከት፤ አንዱ በእንግሊዝ አገር በብራይተን ባሕር ዳርቻ ፎልክ የሚባል ሰው ለመዝናኛ የሠራው ነው። ሁለተኛው በሰሜን አይርላንድ ከፖርትራሽ ተነሥቶ በባሕር ጠረፍ የሚሄደው ነው፤ ይህን ያቆመው የቬርነር ወንድም ቪልሄልም ሲሆን ኀይሉን ያገኘው ከወንዝ ፏፏቴ ነው። ሥራው ከተመረቀ ሁለት ወር ሳይሞላ ቪልሄልም በለንደን ሞተ። ሦስተኛው በቪየና አጠገብ በሜድሊንግ ሸለቆ የሲመንስ ኩባንያ የሠራው ሲሆን ኤሌክትሪኩ ከላይ የሚመጣ ነው። ሦስቱም ከዋና ከተማ ርቀው፥ ማንም በማይከራከርባቸው ቦታዎች የተሠሩ ትናንሽ መሥመሮች ናቸው። ስፕሬግ የሚባል አሜሪካዊ በሪችመንድ ከተማ የትራም መሥመር በሙሉ በኤሌክትሪክ ያንቀሳቀሰው በ1888 ነው፤ የዓለም ከተሞች ፈረሶቻቸውን ማሰናበት የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ሲመንስ በዚህ ጊዜ ሸምግሏል። በሠራተኞቹ ዘንድ የተከበረ ጌታ ነበር፤ በ1872 ዓ.ም. ሕግ ሳያስገድደው የጡረታና የወላጅ አልባ ልጆች መርጃ ገንዘብ አቋቁሞላቸዋል። ይህን ያደረገው ከደግነት ብቻ አይደለም፤ የለመደ ሠራተኛ ወደ ሌላ ፋብሪካ እንዳይሄድበት ጭምር ነው፥ እርሱም ይህን አልሸሸገም። ለሳይንስ ምርምር የሚሆን የመንግሥት ተቋም በበርሊን እንዲመሠረት መሬት ሰጠ፤ ተቋሙም በ1887 ቆመ። በ1888 የመኳንንት ማዕርግ ተሰጥቶት በስሙ ላይ ፎን የሚለው ቃል ተጨመረለት። የጻፈው የራሱ የሕይወት ታሪክ በታተመበት በዚያው ወራት፥ በዲሴምበር 6 ቀን 1892 ዓ.ም.፥ በሰባ አምስት ዓመቱ ዐረፈ። በሞተበት ቀን በበርሊን ከተማ ውስጥ ከምሰሶ በላይ የሚሄድ ባቡር ገና አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ኩባንያው በ1896 በቡዳፔስት የምድር ውስጥ የኤሌክትሪክ ባቡር ሠራ። በርሊን የሰማይ ባቡሯን የከፈተችው በፌብሩወሪ 1902 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ማመልከቻው ከቀረበ ሃያ ሁለት ዓመት፥ አመልካቹ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። መንገዱ በፍሬድሪክ ጐዳና ሳይሆን በሌላ በኩል ቢሆንም፥ ባቡሩ በብረት ምሰሶ ላይ ሆኖ በፎቆች መስኮት ትይዩ እንደ ታሰበው ያልፍ ጀመር። የሊሽተርፌልደ መሥመር ሽቦ ተሰቅሎለትና ተራዝሞ ከበርሊን ትራሞች እንደ አንዱ ሆነ፤ የምዕራብ በርሊን ትራም በ1967 በጠቅላላው ሲቆም በዚያ ሰፈር ትራም የሚባል ነገር አልቀረም። የ1879ዋ ትንሽ መኪና ግን ሙኒክ በሚገኘው የጀርመን ሙዚየም ተቀምጣለች፤ ነጂው የሚፈናጠጥበትም መቀመጫ እስካሁን በላይዋ ላይ አለ።